ፔጆ 404 በግቢያችን፦ ሞተሩ የራሷ ይሁን

የፔጆ 404 መኪናችንን ሸራ ገፈን ኮፈኗን ከከፈትንበት ዕለት ጀምሮ ግቢያችን የሚገባ ሰው ሁሉ አንድ ምክር ይዞ ይመጣል፦ «ሞተሩን አውጥታችሁ የቶዮታ ግጠሙበት።» ታናሽ ወንድሜ ይለዋል፣ የሰፈራችን ጎሚስታ ይለዋል፣ መንጃ ፈቃድ የሌላቸው የሥራ ባልደረቦቼም ይሉታል። ምክሩ ከቅንነት የመጣ ነው። የቶዮታ መለዋወጫ በየሱቁ ይገኛል፤ ሞተሩን ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክም ሞልቷል። እኔ ግን እምቢ ብያለሁ። በድሬዳዋና በሐረር በየግቢው ሸራ ለብሰው የቆሙ 404ዎች አሁንም አሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ይህንኑ ምክር እንደሚሰሙ አውቃለሁ። ስለዚህ እምቢ ያልኩበትን ምክንያት ከነዝርዝሩ ልጻፈው።

መካኒክ አይደለሁም። ሥራዬ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ደምና አክታ እመረምራለሁ። መኪናዋ የአባቴ ናት። በ1967 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ በጅቡቲ በኩል የገባች ፔጆ 404 ስትሆን አባቴ ለሌላ ሰው ካገለገለች በኋላ በ1974 ዓ.ም. ገዛት። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ከድሬዳዋ ሐረር፣ ከሐረር ድሬዳዋ ስትመላለስ ኖራለች። የእኔና የወንድሞቼ ደብተርና ጫማ የተገዛው በሁለቱ ከተሞች መካከል ካለው ከደንገጎ ዳገት በተገኘ ገንዘብ ነው። በኋላ ባጃጁ ከተማውን ሲሞላው፣ ሚኒባሱም የሐረርን መንገድ ሲወስደው፣ ከዚራ ካለው ግቢያችን ኒም ዛፍ ሥር ቆመች፤ በቆመችበትም ቀረች።

አባቴ አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ ጆሮው ግን ድሮ እንደነበረው ነው። ወንበሩን ከኒሙ ጥላ ሥር ያወጣና ሥራውን በድምፅ ይከታተላል። የዛገ ብሎን ስታገል ቁልፉ ከሚያወጣው ድምፅ ተነሥቶ «አታስጨንቂው፤ ዘይት ጠብ አድርጊበትና እስከ ነገ ተይው» ይለኛል። እተወዋለሁ፤ በማግሥቱ ይፈታል።

የእህቴ ልጅ ማታ ማታ የአሜሪካ መኪኖች ሲታደሱ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን በስልኩ ያሳየኛል። በደስታ ነው የማየው። የ1964 ሞዴል ፖንቲያክ ጂቲኦ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ፣ ባለ 6.4 ሊትሩ ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ወደ ቦታው ሲወርድ የሚያስደንቅ ነገር አለው። ከእነዚያ ሰዎች የተማርኩት ቁም ነገር አለ፦ ከመፍታት በፊት ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የተፈታውን ሁሉ ስም ጽፎ ማስቀመጥ። ይህ ለላቦራቶሪ ሰው አዲስ አይደለም። እያንዳንዱ ብሎንና ዳዶ ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ስሙና የወጣበት ቦታ በተጻፈበት የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ገብቷል፤ ብልቃጦቹም በወጡበት ቅደም ተከተል በመደርደሪያ ላይ ቆመዋል። እናቴ የቅመማ ቅመም መደርደሪያዋን ለዚህ መልቀቋን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለፎርድ ሙስታንግ እስከ ሙሉ ቦዲ ድረስ ዛሬም አዲስ ይሠራል፤ ገንዘብ ያለው ሰው ያዛል፣ በር ድረስ ይመጣለታል። ለእኛ ከሐረር የቆመ ታክሲ ላይ የተነቀለ የበር እጀታ ማግኘት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። እዚህ ከተማ ያለን ሀብት ሌላ ነው፦ ብረት የሚያውቁ እጆች። የድሬዳዋ ከተማ ራሷ ከባቡር ጋር የተወለደች ናት። ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ በ1902 እ.ኤ.አ. ተቆረቆረች፤ ከለገሃሩ ጎን ያለው የጥገና ወርክሾፕም ቶርኖውንና ሌሎች የብረት መቁረጫ ማሽኖችን ይዞ ስንት ሰው አሠልጥኗል። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ጎረቤታችን ናቸው። በፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ዘመን በለማጅነት ገብተው፣ ዕድሜያቸውን በቶርኖ ላይ ጨርሰው፣ ጡረታ የወጡ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። የፔጆውን የጥገና መጽሐፍ የሚያነቡልኝ እሳቸው ናቸው፤ መጽሐፉ በፈረንሳይኛ ነው፣ የእሳቸው የሥራ ቋንቋም ፈረንሳይኛ ነበር። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አንቀጹን በልባቸው ያነባሉ፣ መጽሐፉን ይዘጋሉ፣ ከዚያ በአማርኛ ያዝዛሉ።

አሁን ወደ ሞተሩ።

404 በ1960 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበች። ቅርጿን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው፤ ከኋላ በሁለቱ ጎን ሾል ብለው የሚወጡት ክንፎች ከዚያ የመጡ ናቸው። ከውስጥ ግን የገበሬ ልብ አላት። ሞተሯ አራት ሲሊንደር፣ 1,618 ሲሲ ነው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር 84 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ ፒስተኑ 73 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ሲባል ሞተሩ 45 ዲግሪ ወደ ጎን አጋድሎ ተኝቷል። ነዳጁን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፤ ቁልፉ ረጅም ካልሆነ አይደርስም።

የዚህ ሞተር ትልቁ ነገር ሲሊንደሮቹ ናቸው። በብዙ መኪኖች ሲሊንደር ማለት ብሎኩ ውስጥ የተቦረቦረ ቀዳዳ ነው። ሲበላ ብሎኩ ወርዶ፣ ተጭኖ፣ ትልቅ ማሽን ወዳለበት ሄዶ ይሰፋል፤ ከጥቂት ጊዜ በላይም አይሰፋም። የ404 ሲሊንደር ግን ራሱን የቻለ ተነቃይ ቱቦ ነው፤ መካኒኮቻችን ካምቻ ይሉታል። ካምቻው ከላይ ወደ ብሎኩ ይገባል፣ ከታች ቀጭን ማኅተም ላይ ያርፋል፣ ዙሪያውን የማቀዝቀዣው ውሃ በቀጥታ ይነካዋል፣ ከላይ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ይጫነዋል። ሲያረጅ ይነቀላል፤ አዲሱ ከነፒስተኑና በፒስተኑ ዙሪያ ከሚጠለቁት ቀለበቶች፣ ከነፋሻው፣ ጋር አራት አራት ሆኖ በአንድ ካርቶን ይሸጣል። ይህን ሁሉ ብሎኩን ከመኪናው ሳያወርዱ በግቢ ውስጥ መሥራት ይቻላል። እንግዲህ ይህ ሞተር ሩቅ አገር ላለ፣ ፋብሪካ ለሌለው፣ ቁልፍና ትዕግሥት ብቻ ላለው ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። እንዲህ የታሰበልንን ነገር አውጥተን ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ መስጠት ለእኔ ከባድ ውለታ ቢስነት ነው።

ቴስታታውን ያነሣንበት ቀን ሙሉ ጠዋት ወሰደ። አሉሚኒየም ነው፤ ብሎኩ ደግሞ የብረት ስለሆነ ለዓመታት ተጣብቀው ኖረዋል። ወንድሜ ካቻቢቴ ከሥሩ አስገብቶ ሊፈነቅለው ሲያጎነብስ ጋሼ እጁን ያዙት። መጽሐፉ የሚያዘው ሌላ ነው። ብሎኖቹ በሙሉ ከወጡ በኋላ ሁለት ዘንጎች በብሎኖቹ ቀዳዳ ይገባሉ፣ በእነሱ ቴስታታው ወደ ጎን ይወዘወዛል እንጂ ወደ ላይ አይጎተትም። ወደ ላይ ከተጎተተ የተጣበቁትን ካምቻዎች ይዟቸው ይነሣል፣ ከታች ያለው ማኅተም ይላቀቃል፣ ከዚያ በኋላ ውሃው ከሞተር ዘይት ጋር ይገናኛል። ዘንጎቹን ይዘን እኔ ከአንድ በኩል፣ ወንድሜ ከሌላ በኩል ቀስ እያልን ወዘወዝነው። መጀመሪያ ምንም የለም። በኋላ ከውስጥ የደረቀ ነገር ሲላቀቅ ተሰማ፤ አባቴ ከወንበሩ «ለቀቀ!» አለ፤ እኛ ገና እርግጠኞች አልነበርንም።

ቴስታታው ከተነሣ በኋላ ሞተሩን ማዞር ክልክል ነው፤ ፒስተኑ ሲወጣ ካምቻውን ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ጋሼ ከወፍራም ላሜራ የተቆረጡ አራት ማነቂያዎች ቀደም ብለው አሠርተው ነበር፤ በቴስታታው ብሎኖች እየታሠሩ ካምቻዎቹን ወደ ታች ይዘው ያቆያሉ። ትንሽ ነገር ናት፤ እሷን ሳያስሩ ሞተር ያዞሩ ሰዎች ግን ጥሩ ሞተር አበላሽተዋል። 404 ወይም 504 ያላችሁ ሰዎች መካኒካችሁ ይህን ማሰሩን በዓይናችሁ እዩ።

ከዚያ ልኬቱ መጣ። ካምቻ እኩል አይበላም፤ በብዛት የሚበላው ከላይ፣ ፋሻው ወጥቶ ከሚመለስበት ቦታ በታች ነው። ጋሼ እያንዳንዱን ካምቻ በሦስት ከፍታ፣ በየከፍታውም በሁለት አቅጣጫ ይለካሉ። መለኪያውን አዙረው ሲያነቡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። «ልጄ፣ ሆስፒታላችሁ ውስጥ ያለውን ዓይነት ነጭ መብራት ፈልጊልኝ፤ በዚህ ብርሃን የሚሊ ሜትር መቶኛዋ አትነበብም» አሉኝ። መብራቱን አመጣሁ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እመዘግባለሁ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ መስመር። በማይክሮስኮፕ ሕዋስ ስቆጥር የምሠራበትን ዓይነት ሰንጠረዥ ነው የተጠቀምኩት። ሦስቱ ደህና ነበሩ፤ አራተኛው ከላይ ተበልቶ ነበር። አራቱንም ለመቀየር ወሰንን፤ የእሳቸውም ፍርድ ይኸው ነበር።

ካምቻዎቹ ሲወጡ ያየሁትን አልረሳውም። የውጭ ገጻቸው፣ ውሃው የሚነካው ጎን፣ ነጭ ድንጋይ ለብሷል። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ድንጋዩን ያውቀዋል፤ በየቤታችን ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረው ያው ነው። የከተማችን ውሃ ከኖራ ድንጋይ የሚወጣ ስለሆነ ሲፈላ ይረጋል። ማንቆርቆሪያ ላይ ሲሆን ሻዩ ይዘገያል፤ ሞተር ላይ ሲሆን ግን ሙቀቱ ከብረቱ ወደ ውሃው እንዳያልፍ ይጋርዳል። ታክሲ ነጂዎቻችን ራዲያተሩ በጎደለ ቁጥር ከየቧንቧው ሲሞሉ የኖሩት ይህን ውሃ ነው። ብሎኩ ውስጥ ያለውን በእንጨት ጠርበን፣ በነሐስ ብሩሽ ፍቀን፣ የቀረውን በኮምጣጤ ዘፍዝፈን አወጣነው። አሉሚኒየሙን ቴስታታ ግን ኮምጣጤ አላስነካነውም።

እዚህ ላይ ለሁሉም የአካባቢያችን ባለመኪና የምለው አለኝ። የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ለበረዶ አገር ብቻ የሚያስፈልግ ይመስለናል፤ «ድሬዳዋ ምን በረዶ አለና?» ይባላል። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ዝገት መከላከያ ግን የሚሠራው ለሁሉም አገር ነው፤ በተለይ አሉሚኒየምና ብረት በአንድ ውሃ ውስጥ ለሚኖሩበት ሞተር። የመፍላት ነጥቡንም ከፍ ያደርገዋል። ይህም ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ። ክዳን የሌለው ንጹሕ ውሃ ሐረር ላይ ከ95 ዲግሪ በታች ይፈላል። ሞተሩ በጣም የሚለፋው ዳገቱን ሲወጣ፣ ውሃው ቶሎ የሚፈላውም ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ነው። ስለዚህ የባትሪ ውሃ (የተጣራውን ውሃ) ከማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር ቀላቅዬ እሞላለሁ፣ የራዲያተሩንም ክዳን አዲስ አደርጋለሁ። የቧንቧ ውሃ ከእንግዲህ ወደዚህ ሞተር አይገባም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ድንቅ ነገር ላሳያችሁ። በዚያ ዘመን የብዙ መኪና ቬንቲላተር ከሞተሩ ጋር ታስሮ ሁልጊዜ ይዞር ነበር። የ404ቱ ግን እንደ አስፈላጊነቱ ይያዛል፣ ይለቀቃል። መሐሉ ላይ የኤሌክትሪክ ማግኔት አለ፤ ውሃው 84 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሙቀት ለኪው መብራት ይሰጠዋል፣ ማግኔቱ ቬንቲላተሩን ይይዘዋል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። ጉልበትና ነዳጅ ይቆጥባል። በእኛ ከተማ አብዛኞቹ ባለታክሲዎች ይህ ሲበላሽባቸው በብሎን አስረው ሁልጊዜ እንዲዞር አድርገውታል፤ እንጀራ ላይ ላለ ሰው የሚወቀስበት አይደለም። የእኛም እንደዚያ ታስሮ ነበር። መብራቱን ወደ ማግኔቱ የምታሻግረው ትንሿ ካርቦን ተበልታ አልቃለች። ኤሌክትሪክ ሠሪው ከአሮጌ ሞተሪኖ ያገኘውን ካርቦን በሞረድ እየሞረደ ልኳን ሰጣት፤ የመዳቡን ቀለበት እኔ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ወለወልኩ። ባትሪ ስናገናኝ ማግኔቱ «ቀጭ!» ብሎ ያዘ። አባቴ ይህን ድምፅ የሰማው መኪናዋን በገዛበት ሰሞን እንደነበር ነገረን። አስደግሞ አስደግሞ አስነካን።

የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ሌላ ዓለም ነው፤ ስለ እሱ የማይናገር የ404 ሰው የለም። የብዙ መኪና ዲፈረንሻል ሁለት የብረት ጥርሶች የሚነካከሱበት ነው። እዚህ ግን የብረት ጠመዝማዛ ዘንግ አንድ የነሐስ ጥርስ ያዞራል። ድምፅ የለውም፤ ዝም ብሎ ይሠራል፤ በትክክል ከያዙት ዕድሜ አለው። በትክክል መያዝ ማለት በዋነኝነት ዘይቱ ነው። ፔጆ ለዚህ ያዘዘው ከጉሎ የተሠራ ዘይት ነበር። ከደቻቱ ዳር እስከ ሐረር አጥር ድረስ የሚበቅለው ጉሎ! ኃይለኛ የሰልፈር ቅመም ያለበት የዛሬ ዲፈረንሻል ዘይት ነሐሱን ይበላዋል፤ ከዘይት ሱቅ «ምርጡን ስጠኝ» ብሎ ገዝቶ የሞላ ሰው ሳያውቅ ጥርሱን ያጠፋል። የጉሎ ዘይትና የማዕድን ዘይት ደግሞ አይዋሃዱም፤ ዓይነቱ ከተቀየረ የቀድሞው ሙሉ በሙሉ ታጥቦ መውጣት አለበት። የእኛን ስንከፍተው ነሐሱ ወርቃማ ነበር፣ ጥርሶቹ ሙሉ። አባቴ ያን ሁሉ ዓመት ዘይቱን ራሱ እየመረጠ ይሞላ እንደነበር ያን ዕለት ገባኝ። የቶዮታ ሞተር ይግጠም የሚሉትን ሰዎች አምጥቼ ይህን ነሐስ አሳይቻቸዋለሁ። የቶዮታ ሞተር ሲገባ ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑ) መቀየሩ አይቀርም፤ የ404 ዘንግ እስከ ዲፈረንሻሉ ድረስ ቱቦ ውስጥ የተዘጋ ስለሆነ እሱም ይቆረጣል፤ ከዚያ ዲፈረንሻሉ ይከተላል። አንዱን ሲነቅሉ ሌላው ሁሉ ይከተላል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ቆርቆሮው ብቻ ነው።

ፍሬኑንና የኤሌክትሪክ ሽቦውን በአጭሩ ልለፈው፤ በሁለቱም ላይ ገንዘብ እንጂ ብዙ ወሬ የለም። የፍሬን ጎማዎቹ በሙሉ አዲስ ሆነዋል፣ ቱቦዎቹ ተቀይረዋል፤ በዚህ ላይ የሚቆጠብ ሰው ደንገጎን ቁልቁል ወርዶ አያውቅም። ሽቦው ሙቀት ያደረቀው ስለነበር ከፍሬቻ እስከ ክሩስኮት አዲስ ተዘረጋ።

ቦዲው ላይ ግን ልቆይ። የድሬዳዋ አየር ደረቅ ነው፤ ላሜራ ቶሎ አይዝግም። ሆኖም የፊተኛው ፓራፋንጎ ከመብራቱ ጀርባ፣ ጭቃ በሚጠራቀምበት ኪስ ውስጥ፣ ዝገት በልቶት ነበር። መጋላ ያለው ላሜራ ሠሪያችን ጣቱን አስገብቶ ከዳበሰ በኋላ «ስቱኮ አልሞላበትም፤ ቆርጬ አዲስ እበይዳለሁ፤ ካልሆነ ሌላ ሰው ፈልጊ» አለኝ። ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው፤ ያለማንገራገር ተስማማሁ። የሚሠራው ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ ነው። ከቀትር ጀምሮ ከተማው ራሱ ሱቁን ዘግቶ ያርፋል፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይ የመታውን ቁልፍ በባዶ እጅ ማንሣት አይቻልም። ስቱኮም ለስስ ማስተካከያ ስንጠቀምበት ሙቀቱ ቶሎ ያደርቀዋል፤ ማጠንከሪያውን ቀንሰው በትንሽ በትንሹ ካላቦኩት ሰሌዳው ላይ ድንጋይ ይሆናል።

ቀለሙን የምፍቀው እኔ ነኝ። ከሥራ መልስ፣ ፀሐይዋ ከኒሙ ጀርባ ስትወርድ፣ ብርጭቆ ወረቀት በእንጨት ላይ ጠቅልዬ በውሃ እፍቃለሁ። በኋለኛው በር ላይ አንድ ቦታ ቀስ ብዬ ስፈቅ ቀለሞቹ በየተራ ብቅ አሉ። ከላይ የታክሲው ሰማያዊ፤ ከሥሩ ሌላ ሰማያዊ፣ ጠቆር ያለ፤ ከሥሩ ቡናማው ፀረ ዝገት፤ ከዚያ ደግሞ አንድም ጊዜ አይቼው የማላውቀው የዝሆን ጥርስ ነጭ፤ ፋብሪካው የቀባት ቀለም። ጠቆር ያለውን ሰማያዊ ለአባቴ ስገልጽለት በየትኛው ዓመት እንደተቀባ፣ ቀቢው ማን እንደነበር፣ ስንት ብር እንዳስከፈለውም ነገረኝ። ዝሆን ጥርሱን ግን እሱም አያውቀውም፤ ከእሱ በፊት የነበረው ባለቤት ዘመን ነው።

በዚህ ቤታችን ተከፍሏል። እናቴ ሰማያዊና ነጭ ካልሆነች መኪናችን አይደለችም ትላለች። ወንድሜ የፋብሪካውን ይፈልጋል። እኔ ብዙ ካሰብኩበት በኋላ ወደ ዝሆን ጥርሱ አዘንብያለሁ፤ ከእንግዲህ የቤት መኪና ስለሆነች የታክሲ ቀለም ለብሳ መንገደኛ እጁን ሲዘረጋላት ማለፍ አይሆንልኝም። ከኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ ክዳን ውስጡ ግን አይነካም። የታክሲው ሰማያዊ፣ የገመድ ጭረቱ፣ አባቴ የመንገደኛ ዕቃ ሲጭን የላጠው ጠርዝ ሁሉ እንዳለ ይቆያል። እናቴ በዚህ ተስማምታለች።

«በኤሌክትሪክ መኪና ዘመን የቤንዚን መኪና ማደስ ምን ይሉታል?» የሚለኝም አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከልክሏል፣ የቤንዚን ዋጋም የሚታወቅ ነው። እኔ በ404 በየቀኑ ሥራ ልሄድባት አላሰብኩም። ሆስፒታሉ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። ይህችን መኪና የማድሳት ጋሼ መለኪያውን በእጃቸው እያነበቡ፣ አባቴ በጆሮው እየሰማ፣ ላሜራ ሠሪውም ልጁን አጠገቡ አቁሞ እያሳየ ሳሉ ነው። አሁን የተውኩትን ነገር በኋላ ገንዘብ ባገኝ እንኳን የሚያሳየኝ ሰው አላገኝም። የእህቴ ልጅ የቫልቮቹን ክፍተት ራሱ ማስተካከል ጀምሯል፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለአየር ማስገቢያው 0.10፣ ለጭስ ማውጫው 0.25 ሚሊ ሜትር። ቀጭኗን ላሜራ መሐሉ እያስገባ፣ በጣቱ የምትጎተትበትን ልክ እየለመደ ነው። ጋሼ ይፈትሹታል፤ ከተሳካለት ምንም አይሉም፣ ካልተሳካ ያስፈቱታል።

ይህች መኪና አቅሟን ያሳየችው በእኛ ዳገት ላይ ብቻ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር 404 በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. አንደኛ ወጥታለች። በ1963ቱ ከተነሡት 84 መኪኖች መጨረሻው የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ፤ ከሰባቱም ፊት የገባችው 404 ናት። ያን ጭቃ ያለፈው ይኸው ሞተር፣ ይኸው የነሐስ ጥርስ ነው። አባቴ ይህን ሳነብለት ብዙም አልደነቀው፤ «ደንገጎን ከነጭነቷ በሦስተኛ ማርሽ ትወጣ ነበር እኮ» አለ።

አዲሶቹ ካምቻዎች ገብተዋል፣ ቴስታታው በአዲስ ጓርኒሲዮን (በመሐል በሚገባው ማሸጊያ) ታስሯል፣ ሞተሩም በማኖቬላ ተነሥቷል። ከፊት በኩል በእጅ ለማስነሣት ቀዳዳ ያላት መኪና ናት፤ ባትሪ ሳንጠብቅ ወንድሜ አዞራት። አሁን የሚቀረኝ መለዋወጫ ነው፤ ለዚህ ደግሞ እናንተን እለምናለሁ። በድሬዳዋ፣ በሐረር፣ በሐሮማያ ወይም በአወዳይ በግቢያችሁ የቆመች 404 ካለች እና ለቁርጥራጭ ብረት ልትሸጡ ካሰባችሁ፣ ሚዛን ላይ ከመውጣቷ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የኋላ ዲፈረንሻሉን ነሐስ፣ ቬንቲላተሩን ከነማግኔቱ፣ መሪው ሥር ያሉትን የማርሽ ክንዶች፣ የኋላ መብራቶቹን መስታወትና የፊት መስታወቱን ዙሪያ ጎማ ለይታችሁ አስቀምጡ። እኔ ባልፈልገው የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ፤ አገናኛችኋለሁ። ከሁሉም የቸገረኝ የግራው የኋላ መብራት መስታወት ነው። ቀይና ብርቱካንማ ነው፤ ቢሰነጠቅም እወስደዋለሁ።